እናቶቻችን በግጥም የያዙት መዝገብ

ከገሳይ፣ በአንዲት የማኅበሩ አባል



በዚህ እትም ስለ ቁጠባችንም ሆነ ስለ ዶሮ እርባታችን አልጽፍም። እሱን ሌሎች እኅቶች ከእኔ በተሻለ ጽፈውታል። እኔ ባለፈው ዓመት አንድ ለቅሶ ላይ ካየሁት ነገር ተነሥቼ፣ እናቶቻችን በአፋቸው ስለ ሠሩት ታሪክ ላጫውታችሁ ነው።

ለቅሶው ከገሳይ ወጣ ብሎ፣ ጉና ግርጌ ባለ መንደር ነበር። ሰማንያ ዓመት የሚሆናቸው አንዲት እናት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው መሐል ገቡና ሙሾ ማውረድ ጀመሩ። የሟቹን አባት፣ አያትና ቅድመ አያት በየስማቸው ጠሩ። ማን በየትኛው ዘመን ምን እንደሠራ፣ ማን የት እንደወደቀ፣ ማን ከቃሉ እንዳጎደለ በግጥም ይደረድሩት ጀመር። ጥቂት እንዳወረዱ አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ፣ "እማማ፣ ይኼ የድሮ ነው፤ ይበቃል" አላቸው። እሳቸውም ነጠላቸውን ፈትተው ተቀመጡ።

ስንመለስ አብረን ተጓዝን። መንገድ ላይ፣ "ልጄ፣ እኔ ይኼን ይዤው ብሞት ማን ያውቀዋል?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ወጣቱ በጨዋ ደንብ ያስቆመውን ነገር፣ በአንድ ወቅት በዚህ አገር ላይ የነበረ መንግሥት በጥይት ሊያስቆመው ሞክሮ ነበር።

ዘፋኝን የፈራ ጦር

የፋሽስት ጣሊያን ጦር በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ድንበር ጥሶ ገባ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ጎንደርን ያዘ፤ ብዙ ሳይቆይ ደብረ ታቦርም ተያዘች፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። አውሮፕላን ነበረው፣ መርዝ ጋዝ ነበረው፣ መድፍና ታንክ ነበረው።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በአዲስ አበባ በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀናት በከተማዋ የወረደውን እልቂት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በየዓመቱም እናስበዋለን። ብዙ ጊዜ የማይነሣው ግን ቀጥሎ የመጣው ትእዛዝ ነው። ግራዚያኒ በመጋቢት 1929 ዓ.ም. ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም፣ ለሕዝብ ጸጥታ እጅግ አደገኛ ያላቸውን ሰዎች ዘረዘረ። እየዞሩ ታሪክ የሚያወሩና የሚዘፍኑ፣ ጠንቋዮችና ትንቢት ተናጋሪዎች ነበሩ። የጣሊያን አገዛዝ በቅርቡ ያበቃል እያሉ ወሬ ይነዛሉ ሲል ከሰሳቸው። ተይዘው እንዲገደሉ ማዘዙንና እስከዚያ ቀን ድረስ 70 ሰዎች መገደላቸውንም ለአለቆቹ አስታወቀ።

እስኪ አስቡት፤ ጠመንጃ ያልያዘ፣ ማሲንቆ ብቻ ያነገበ ሰው ነው እኮ! መድፍና አውሮፕላን ያለው መንግሥት እሱን ለምን ይፈራል?

መልሱን ለማግኘት የዚያን ዘመን ኑሮ ማሰብ ነው። በገጠሩ ሬዲዮ የለም። ጋዜጣ የሚያነብ በጣት የሚቆጠር ነው። አዝማሪው ግን ከገበያ ገበያ፣ ከሠርግ ሠርግ፣ ከጠጅ ቤት ጠጅ ቤት ይዞራል። ብዙ ጊዜም ሚስቱ አብራው ትዘፍናለች። ሰኞ አንድ ገበያ ላይ የሰማውን ቅዳሜ ሌላው ገበያ ላይ ያደርሰዋል። ወሬውን ብቻ ሳይሆን ፍርዱንም ጭምር ነው የሚያደርሰው። ማን ጫካ እንደገባ፣ ማን ለጠላት እንዳደረ፣ ማን ወንድሙን እንደሸጠ በሁለት ስንኝ ይናገራል። ያ ስንኝ ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳል። ወረቀት ቢሆን ይቀደዳል፤ ግጥም ግን ከሰው አፍ በምን ይወጣል?

ነገሩን የገዛ ወገናችንም ቀድሞ ያውቀው ነበር። ወረራው ከመጀመሩ በፊት፣ በሐምሌ 1927 ዓ.ም.፣ በመኰንን ሀብተ ወልድ አማካይነት የኢትዮጵያ የአገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ሥራው ሕዝቡን በንግግር፣ በዘፈንና በፉከራ ለመጣው ጠላት ማነሣሣት ነበር። ዛሬ የአገር ፍቅር ቴአትር የምንለው ከዚያ የመነጨ ነው።

ስለ እኛ የተዘፈነ የጠላት ዘፈን

ጣሊያኖችም ሲመጡ ባዶ አፋቸውን አልመጡም። "ፋቼታ ኔራ" የሚባል ዘፈን ይዘው ነው የመጡት። ትርጉሙ "ትንሿ ጥቁር ፊት" ማለት ነው። በ1927 ዓ.ም. የተሠራ ሲሆን ወታደሩ እየዘመረው ዘምቷል። የሚዘፈንላት ኢትዮጵያዊት ልጃገረድ ናት። ዘፈኑ ከባርነት ነጻ እናወጣሻለን፣ ሌላ ሕግና ሌላ ንጉሥ እንሰጥሻለን እያለ ይሸነግላታል።

ተስፋው ምን ያህል ቆየ? በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የጣሊያን መንግሥት አንድ ሕግ አወጣ። ጣሊያናዊ ወንድ ከአፍሪቃዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት ሲኖር ቢገኝ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይታሰራል የሚል ነው። ሲዘምቱ የተዘፈነላት ልጅ፣ ከዘመቱ በኋላ ሚስት ተብላ እንኳ እንዳትጠራ ተከለከለች። ገላዋን መጠቀሚያ ማድረግ ግን አልቀረም።

ይህን የማነሣው ስለ እኛ የሚዘፍነውን ሁሉ እንዳናምን ነው። የሴትን ነገር ሴቲቱ ራሷ ካልተናገረችው፣ ሌላው እንደሚመቸው አድርጎ ይዘፍነዋል።

ወፍጮ ላይ የተባለ

የእኛ እናቶች ራሳቸው የሚናገሩባቸው ቦታዎች ነበሯቸው። አንዱ ወፍጮው ነው።

አሁን ገሳይም ደብረ ታቦርም የሞተር ወፍጮ አለ። የዛሬ ልጆች መጅ ምን ያህል እንደሚከብድ አያውቁትም። በዚያ ዘመን ግን ሴት ከዶሮ ጩኸት በፊት ተነሥታ፣ ወፍጮው ላይ ተደፍታ፣ እህል ስትፈጭ ታነጋ ነበር። ድካሙን የምትረሳው በእንጉርጉሮ ነው። አርበኛው ጫካ ሲገባ የሚሰነቀው በሶ የተፈጨው፣ ቆሎው የተቆላው፣ ዳቦ ቆሎው የተጋገረው በእነዚሁ እጆች ነው። ስንቅ ማቀበል፣ ቁስለኛ መደበቅና ማስታመም፣ ጠላት ካለበት ወሬ ማምጣት የውስጥ አርበኞች ሥራ ነበር፤ ከውስጥ አርበኞቹም ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ።

እንጉርጉሮ ለዚህ የሚመች ነገር አለው። ማንም ወታደር ወፍጮ ላይ ለምታንጎራጉር ሴት ጆሮ አይሰጥም። የራሷን ብሶት የምታወጣ ይመስለዋል። አማርኛችን ደግሞ ሰምና ወርቅ አለው። አንዲት ሴት ለምሳሌ እንክርዳድ ስንዴዋን እንዳበላሸባት ብታንጎራጉር፣ ላይ ላዩን ስለ እህል ነው። እንክርዳዱ ማን እንደሆነ፣ ስንዴውስ ማን እንደሆነ የጎረቤቷ ልጅ ያውቀዋል። አስተርጓሚ ቢቆም እንኳ የሚያስተረጉመው ሰሙን ነው፤ ወርቁ ለባለቤቱ ይቀራል።

ሰምና ወርቅ ሲባል ሰዉ ቶሎ የሚያስበው የቅኔ ቤት ተማሪውን ነው። ደቡብ ጎንደር የትምህርት አገር መሆኑም እውነት ነው። የጋይንቷ ቤተ ልሔም ለድጓ፣ ዙር አምባ ለዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው። ግን እዚያ ደጅ ተማሪውን ቁራሽ እያበሉ ያስተማሩት እናቶች፣ ፊደል ባይቆጥሩም፣ ቃልን ሁለት ፊት ማናገር ያውቁበት ነበር።

ለቅሶ እንደ ችሎት

ሁለተኛው ቦታ ለቅሶ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ሙሾ ለማስለቀስ ብቻ የተሠራ አይደለም። ሙሾ መዝገብ ነው። ዘር ይቆጥራል፣ ሥራ ይመዘግባል፣ የሞቱን ምክንያት ይናገራል። አስክሬኑ ባይገኝ እንኳ ልብሱ፣ ጋሻው፣ ጠመንጃው፣ በቅሎው ወጥቶ ይለቀስበታል። ተሰብስቦ የሚሰማው ሕዝብ ደግሞ ምስክር ነው። አልቃሿ ብትሳሳት የሚያርማት አይጠፋም።

ይህ መዝገብ አሸናፊው የጻፈውን የማይቀበልበት ጊዜ አለ። ራቅ ሳንል የራሳችንን አገር ታሪክ እንይ። የበጌምድር ገዥ የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌ ደብረ ታቦር ተቀምጠው ያስተዳድሩ ነበር። ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ተጣልተው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ሜዳ ላይ ተዋግተው ሞቱ። በዚያ ጦርነት አውሮፕላን በሠራዊታቸው ላይ ወረቀት በትኗል፣ ቦምብም ጥሏል። በአዋጅ የተነገረው አመፀኛ መሆናቸው ነው። እኔ ግን በልጅነቴ ከአዛውንቶች የሰማሁት ግጥም ያዘነላቸው ነበር። ማን ልክ ነበር የሚለውን ለታሪክ ሊቃውንት እተወዋለሁ። ለእኔ ቁም ነገሩ የተሸነፈው ወገን ታሪኩን የሚያኖርበት ቤት ማግኘቱ ነው፤ ያም ቤት የአልቃሽ አፍ ነው።

በጣሊያን ዘመንም የሆነው ይኸው ነው። ከ1929 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ላስታ፣ በጌምድርና ጎጃም ሲያምፁ ጠላት ቤት አቃጠለ፣ ሰው ሰቀለ። የዋጉን ደጃዝማች ኃይሉ ከበደን ገድሎ ራሳቸውን ለሕዝብ ማስፈራሪያ አደረገው። ዓላማው ሰዉ የሞቱትን እንዲረሳ፣ ያሉትም እንዲፈሩ ነበር። አልቃሿ ግን የተቆረጠውን ራስ ወደ ክብር መለሰችው። እንደ ውብነህ ተሰማ፣ እንደ ዳኘው ተሰማ ያሉ የበጌምድር አርበኞች ስማቸው ከሠፈር ሠፈር የተሻገረው በአዋጅ አልነበረም። ውብነህን "አሞራው" ብሎ ዛሬም ድረስ የሚጠራቸው ሕዝቡ ነው። በተቃራኒው "ባንዳ" የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ከስድብ ሁሉ የከፋ ሆኖ የቀረው ፍርድ ቤት ስለ ወሰነ አይደለም፤ ግጥም ስለ ወሰነ ነው።

ግጥም ብቻውን ጣሊያንን አላስወጣም። አርበኛው አምስት ዓመት ደሙን አፍስሷል፤ በመጨረሻም የእንግሊዝ ጦር አብሮ ዘምቷል። ደብረ ታቦር የነበረው የጣሊያን ጦር በሰኔ 1933 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ ጎንደር ደግሞ በኅዳር 1934 ዓ.ም.። ነገር ግን ያን አምስት ዓመት ሙሉ ለጠላት ማደር ነውር፣ ጫካ መግባት ክብር ሆኖ እንዲቆይ ያደረገው በየገበያው፣ በየለቅሶውና በየወፍጮው የተባለው ቃል ነው።

ስማቸው የተጻፈና ያልተጻፈ

ከሴቶቹ ስማቸው የተጻፈላቸው ጥቂቶች ናቸው። ከበደች ሥዩም ባለቤታቸው አበራ ካሣ በጣሊያን ከተገደሉ በኋላ ራሳቸው ጦር መርተው ተዋግተዋል። ሸዋረገድ ገድሌ የውስጥ አርበኛ ሆነው ሠርተው፣ ጣሊያን አገር ድረስ ተወስደው ታስረዋል። ስንዱ ገብሩም እንደዚሁ አዚናራ በምትባል የጣሊያን ደሴት ታስረው ተመልሰዋል። እሳቸው ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት መሪ ሆኑ። ስለ ጠላት ዘመን ቴአትር እየጻፉ ሴት ተማሪዎቻቸውን መድረክ ላይ አወጡ፤ "የልቤ መጽሐፍ" የተባለውን መጽሐፍም አሳተሙ። ኋላም ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። እስር ቤት ያየችውን ሴት ልጆች በአፋቸው እንዲናገሩት አደረገች ማለት እንችላለን።

የእኛ መንደር እናቶች ግን ስንዱ ገብሩን አልሆኑም። ፊደል አልተማሩም፤ የሚጽፍላቸውም አልነበረም። አዝማሪውንማ ሲፈልገው ሸልሞ፣ ሲያልፍ "አዝማሪ" ብሎ እንደ ስድብ የሚጠራው የገዛ ወገኑ ነው። የተገደሉት አዝማሪዎች የስንቶቹ ስም ይታወቃል? ሐውልት የቆመላቸው ጠመንጃ የያዙት ናቸው።

በክር የተጻፈ ታሪክ

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። ስለ ፍልስጤም ሴቶች ጥልፍ ሳነብ የራሳችንን እናቶች አየሁ። እነሱ "ተትሪዝ" ይሉታል። ቀሚስ ላይ በእጅ የሚጠለፍ ሲሆን፣ በድሮው ጊዜ ቀለሙና ቅርጹ እንደየመንደሩ ይለያይ ነበር። አንዲት ሴት የየት አገር ልጅ እንደሆነች በቀሚሷ ትታወቅ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በተነሣው ጦርነት ከ400 በላይ የፍልስጤም መንደሮች ባዶ ሆኑ። መንደሩ ቢጠፋም ቅርጹን ስደተኛ ካምፕ ውስጥ ያሉ እናቶች ለሴት ልጆቻቸው አወረሱት።

እ.ኤ.አ. በ1987 ተቃውሞ ሲቀጣጠል፣ በእስራኤል ጦር ቁጥጥር ሥር በነበረው አገር የፍልስጤምን ባንዲራ ማውለብለብ የተከለከለ ነበር። ሴቶቹ የባንዲራውን ቀለማትና የአገሩን ካርታ ቀሚሳቸው ላይ ጠለፉት። ባንዲራ የቀማ ወታደር የእናትን ቀሚስ እንዴት አድርጎ ይቀማል? ዩኔስኮ ይህን ጥልፍ እ.ኤ.አ. በ2021 በማይዳሰስ የባህል ቅርስነት መዝግቦታል። የእነሱ ክርና የእኛ ሙሾ አንድ ሥራ ነው የሠሩት፤ ሊያጠፉት የሚፈልጉትን ስም፣ ማንም ልብ በማይለው የሴት ሥራ ውስጥ ማኖር።

ሌላውም ፊቱ ይነገር

ይህን ሁሉ ስል ሙሾና ሽለላ ሁልጊዜ ለመልካም ውሏል ማለቴ አይደለም። እኛ የዚህ አገር ሴቶች ነንና እንወቀው። ያው አፍ ደም ሲያስመልስም ኖሯል። ባሏ የተገደለባት ሴት ለቅሶ ላይ ወንድሞቿን በግጥም ስትነካቸው፣ በጠላት ዘመን ባንዳን ያሳፈረው ቃል የጎረቤትን ልጅ ያስገድላል። "ወንድ የለም ወይ?" የተባለ ቤት ስንቱ ልጁን አጥቷል፣ ስንቱ ልጁን ወህኒ ሰዷል! ያን ቀን ወጣቱ እማማን ያስቆማቸው ይህንን ፈርቶ ከሆነ ምክንያት አልነበረውም አልልም።

ግን ቢላ እጅ ቆረጠ ተብሎ ከቤት አይጣልም፤ አያያዙን መማር ነው። እማማ ያወረዱት ሙሾ ማንንም ለበቀል አልጠራም፤ የአንድን ቤት የመቶ ዓመት ታሪክ ነበር። ጠላት በጥይት ያላጠፋውን እኛ "የድሮ ነው" ብለን በአፋችን ልናጠፋው ነው። ወፍጮው ሞተር ሆነ፤ እሰየው፣ ጀርባችን አረፈ። እንጉርጉሮው ግን አብሮ ዝም አለ። ለቅሶውም ድንኳንና ድምፅ ማጉያ ሆነ፤ የማይክራፎኑ ባለቤት ደግሞ ሴት አይደለችም።

ምን እናድርግ?

ማኅበራችን የቁጠባ ደብተር መያዝ አስተምሮናል። ከአሥር ብር ጀምረን ማን ምን እንዳገባ፣ ማን ምን እንደተበደረ በትክክል እንጽፋለን። ሌላ አንድ ደብተር እንጨምር ነው የምለው። በወር አንድ ጊዜ ከስብሰባችን በኋላ፣ ቡና እየተፈላ፣ ከአዛውንት እናቶቻችን አንዷን እንጠይቅ። የሚያውቁትን ሙሾ፣ የወፍጮ እንጉርጉሮ፣ የሠርግ ዘፈን ይንገሩን። ማን እንዳወረደው፣ ለማን እንደተባለ፣ የትኛው መንደር፣ በየትኛው ዘመን እንደሆነ አብረን እንጻፍ። የእናትየዋም ስም በፈቃዳቸው ይጻፍ። የተማሩ ሴት ልጆቻችን ይጽፋሉ፤ ስልክ ያላት ድምፃቸውን ትቀርጻለች። ደም የሚቀሰቅስ ስንኝ ካለ ለምን እንደተባለ ጭምር ተጽፎ ይቀመጥ፤ ልጆቻችን ይማሩበታል እንጂ አይዘፍኑትም። ለደጋፊዎቻችንም የምለው፣ ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ወረቀትና እስክሪብቶ፣ ከሁሉ በላይ ግን ጊዜ ይጠይቃል። አዛውንቶቻችን ደግሞ በየዓመቱ እያነሱ ነው።

ይህን ጽሑፍ ለማኅበሩ ከመስጠቴ በፊት እማማ ዘንድ ሄጄ ነበር። "ያን ቀን ያቋረጡትን ይጨርሱልኝ" አልኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። "በደህና ቀን ሙሾ ይወርዳል ወይ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሙሾ ለቅሶ ይፈልጋል። በኋላ ግን ግጥሙን ሳያዜሙ፣ እንደ ወሬ አድርገው፣ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ደብተሬ ላይ አራት ገጽ ሞላ። አምስተኛው ገጽ ላይ ስማቸውን እንድጽፍ ስጠይቃቸው፣ "የእኔ ስም ምን ያደርግልሻል?" አሉ። ጻፍኩት።

ቸር ይግጠመን።